የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ንጉሡ ኮረብታው ላይ ወጥተው ምን አዩ?

ባለፈው እትም ስለ ጃፓን ነገሥታትና ሜይሾ ስለሚባሉት ስመ ጥር ቦታዎቻቸው ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ንጉሡ ኮረብታ ላይ ወጥተው አገር የሚያዩበት ሥርዓት እንደነበረ፣ ገጣሚዎችም የቦታ ስም እየጠሩ ይቀኙ እንደነበር ጠቅሼ አለፍኩ። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ደስ ያለኝ ደግሞ አብዛኛው የመጣው ከከተማው ዳር ዳር መሆኑ ነው፤ ከቡራዩ፣ ከጀሞ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱ። እኔም ዳር ላይ ነው የምኖረው። ጠዋት በር ስንከፍት ተራራ የምናይ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ ነገሩ ለምን እንደያዛችሁ ይገባኛል። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ስለ ጃፓኑ ንጉሥ ያነበብኩትን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ ልጅ «ንጉሡ ሥራ የለውም እንዴ፣ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚያየው?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጁ ይባረክ። ማየቱ ራሱ ሥራው ነበር በዪው።

ኩኒሚ ይባላል። ኩኒ አገር ነው፣ ሚ ማየት። ከ629 እስከ 641 የነገሡት ንጉሠ ነገሥት ጆሜይ ካጉ የምትባል ኮረብታ ላይ ወጥተው የተቀኙት ግጥም ዛሬም አለ። የሚገኘው ማንዮሹ በሚባለው ጥንታዊ የግጥም መድበል ውስጥ ነው፤ በ8ኛው መቶ ዘመን የተሰበሰበ፣ 20 መጻሕፍት ያሉት፣ ወደ 4,500 ግጥም የያዘ ነው። የንጉሡ ግጥም ከመጀመሪያው ቀጥሎ ሁለተኛው ላይ ተቀምጧል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ተራራ ብዙ ነው፣ ካጉ ግን ትበልጣለች፣ ወጥቼ አገሬን ሳይ ከሜዳው ጭስ ይነሳል፣ ከባሕሩ ወፎች ይነሳሉ፣ እንዴት ያለች ያማረች አገር ናት።

አሁን ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ካጉ 152 ሜትር ብቻ ናት። እኛ እንጦጦን ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ስላየን እሷን ተራራ ለማለት አፋችን አይደፍርም። ሁለተኛ፣ ከካጉ ላይ ባሕር አይታይም። አካባቢው ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ሜዳ ነው። ባሕር ያሉት ኩሬዎቹን ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ ግን ነገሩን እንደ ምርቃት ነው የማየው። የእኛ ሽማግሌ «ጎተራህ ይሙላ» ሲል መጀመሪያ ጎተራውን ሄዶ አይፈትሽም። የብሱም ባሕሩም ሙሉ ነው ብሎ ጮክ ብሎ መናገር አገሪቱን መባረክ ነበር። ያን የሚናገረው ደግሞ ንጉሡ ነው።

ጭሱስ? ለልጁ ይህን ተረኪለት። ኒንቶኩ የሚባሉ ንጉሥ ነበሩ። ዘመናቸው ከታሪክ ይልቅ ወደ አፈ ታሪክ ያደላል፣ የሚተረከውም በ712 እና በ720 በተጻፉት ሁለቱ የጃፓን ጥንታዊ የታሪክ መጻሕፍት ነው። ከፍታ ላይ ወጥተው ሲያዩ ከቤቶቹ ጭስ አይወጣም። ሕዝቡ የሚያበስለው አጥቷል ማለት ነው። ንጉሡ ለሦስት ዓመት ግብር አስቀሩ። ግብር ሲቀር የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የሚጠግነው አጣ፤ ዝናብ እየገባ በዕቃ ይቀበሉት ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወጥተው ሲያዩ አገሩ በሙሉ ይጨሳል።

ይሄን ታሪክ ለኛ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛም «ጭስ የማይወጣበት ቤት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በሰው መሬት ላይ የሚያርሰውን ገበሬ ጭሰኛ ያልነውም በጭሱ ነው። ጭስ፣ ግብርና ንጉሥ እዚህም አብረው የኖሩ ቃላት ናቸው። ቡራዩ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥተሽ የቆርቆሮውን ጭስ ብታሳያቸው ከኔ ማብራሪያ የበለጠ ይገባቸዋል።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ ብሮ፣ ሜይሾ ያልከው ነገር አልገባኝም። ሰው ፎቶ ለመነሳት የሚሄድበት አሪፍ ሎኬሽን ማለት ነው? ማነውስ የሚመርጠው?

መልስ፦ ዛሬ ዛሬ እንደዛም ሆኗል። መነሻው ግን ሌላ ነው።

ቃሉ ሲፈታ «ስም ያለው ቦታ» ማለት ነው። ልብ በል፣ «ውብ ቦታ» አይልም። ስም ነው የሚቀድመው። ስሙን የሚሰጠው ደግሞ ግጥም ነበር። ኡታማኩራ ይሉታል፤ ኡታ ግጥም ነው፣ ማኩራ ትራስ። ግጥሙ ራሱን የሚያሳርፍበት የቦታ ስም ማለት ነው። ታትሱታ የሚባለው ወንዝ ከተጠራ በመከር የቀላ ቅጠል ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ሙሳሺኖ ከተባለ ረጅም ሣርና ጨረቃ ነው። ገጣሚው ወንዙን መግለጽ አይጠበቅበትም፣ ስሙን ሲጠራ ሰሚው ቅጠሉን ያያል።

ይህ እንግዳ ነገር አይምሰልህ። አምባሰልን አስብ። ወሎ ያለ ተራራ ነው። ግን ስንቶቻችን ተራራውን አይተናል? ቅኝቱን ግን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማሲንቆው ሲጀምር ሆዳችን ይባባል። ባቲም እንደዚሁ ከተማ ናት፣ ቅኝትም ናት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው! ቦታው ዜማ ሆኖ ከራሱ ተነጥሎ አገር ዞረ ማለት ነው። ስለ ጃፓን ሳነብ ዓመታት ቆይቼ ነው ይሄ የበራልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ኡታማኩራን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም።

ማነው የሚመርጠው ላልከው፣ ለረጅም ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ነው። በ905 ንጉሠ ነገሥት ዳይጎ ኮኪንሹ የሚባል መድበል እንዲሰበሰብ አዘዙ። ከዚያ እስከ 1439 ድረስ በነገሥታት ትእዛዝ 21 መድበሎች ተሰበሰቡ። እዚያ ውስጥ የገባ ቦታ ስም አለው፣ ያልገባ የለውም። አብዛኞቹ ገጣሚዎች ደግሞ ኪዮቶ ተቀምጠው ነው የሚጽፉት፤ ሰሜኑን በዓይናቸው አላዩትም። ኖዪን ስለሚባል መነኩሴ የሚወራ ወሬ አለ። «ከዋና ከተማው ከፀደይ ጉም ጋር ወጣሁ፣ ሺራካዋ ኬላ ስደርስ የመከር ነፋስ ይነፍሳል» የሚል ግጥም ገጠመ። ግጥሙ ቆንጆ ነው፣ ችግሩ ሳይሄድ ነው የገጠመው ይባላል። እናም ለብዙ ጊዜ ቤቱ ተደብቆ ፊቱን ፀሐይ እያስመታ ካጠቆረ በኋላ «አሁን ከሰሜን መመለሴ ነው» ብሎ ግጥሙን አወጣው። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን አንድ ነገር ያሳያል። በዚያ ዘመንም ቢሆን ሰው «ሄደሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም አለ፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ። ሳኔካታ የሚባል መኳንንት ነበር፣ ጥሩ ገጣሚ። በንጉሠ ነገሥት ኢቺጆ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ከባልደረባው ተጣልቶ የሰውየውን ባርኔጣ ከራሱ ላይ አንስቶ ግቢ ወረወረው። ንጉሡ አዩ። «በል ኡታማኩራዎቹን ሄደህ አይተህ ና» ብለው በ995 ሩቅ ሰሜን የሙትሱ ገዢ አድርገው ላኩት ይባላል። ሹመት የሚመስል ግዞት ነው። እዚያው ሞተ፤ ዕድሜ ልኩን ሲጠራቸው የኖሩትን ስሞች በዓይኑ አይቶ ግን አልተመለሰም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቻለሁ። ጃፓኖች ሰምና ወርቅ አላቸው?

መልስ፦ አላቸው ወንድሜ፣ ያውም ኅብረ ቃሉ ብዙ ጊዜ የቦታ ስም ላይ ነው የሚውለው።

አሪዋራ ኖ ዩኪሂራ የንጉሠ ነገሥት ሄይዜይ የልጅ ልጅ ነው። በ855 ኢናባ የሚባል ሩቅ አውራጃ ተሾመ። ሲለያይ የገጠመው አምስት ስንኝ ላይ ሁለት ኅብር አለ። ኢናባ የአገሩ ስም ነው፤ «ብሄድ» የሚል ድምፅም ይሰጣል። ማትሱ ጥድ ነው፣ ፓይን የሚባለው ዓይነት፤ «መጠበቅ» ማለትም ነው። ሰሙ በኢናባ ተራራ አናት ላይ ስለበቀለው ጥድ ያወራል። ወርቁ «ብሄድም፣ እየጠበቃችሁኝ መሆኑን ከሰማሁ ወዲያው እመለሳለሁ» ይላል። አንተ ከኔ የተሻለ ትፈታዋለህ። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የጃፓን ግጥም ሲያነብ ቤቱ የገባ ያህል እንደሚሆን አምናለሁ፣ አንድ ቀን ከግእዝ ባለቅኔዎቻችን መካከል አንዱ ይህን ሥራዬ ብሎ ቢይዘው እንዴት ደስ ባለኝ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ልጄ፣ እኔ ሦስት መንግሥት አይቻለሁ። ንጉሥ ሲወርድ የእሱ የነበረው ሁሉ ስሙ ይቀየራል፣ ይረሳል። የጃፓኖቹ ቦታስ ነገሥታቱ ሲደክሙ አልጠፋም?

መልስ፦ እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የእርስዎን ደጋግሜ አነበብኩት።

አልጠፋም። እንዲያውም ነገሥታቱ ሲሸነፉ ቦታዎቹ ከበዱ። ዮሺኖ የሚባለውን ተራራ ልንገርዎ። በ672 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ ገና ልዑል ሳሉ ከዮሺኖ ተነስተው ተዋግተው ነው ዙፋኑን የያዙት። ባለቤታቸው ንግሥት ጂቶ ከእሳቸው በኋላ ሲነግሡ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ወደ ዮሺኖ ሄደዋል። ያን ጊዜ ዮሺኖ የሚወደሰው በጠራ ወንዙ ነበር። በኋላ በበረዶው ተጠራ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የቼሪ አበባ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው ባሕታዊው ገጣሚ ሳይግዮ አበባውን እየተመላለሰ ስላለቀሰበት ስሙ ከአበባው ጋር ተጣበቀ። ከዚያ 1336 መጣ። ንጉሠ ነገሥት ጎ-ዳይጎ ሥልጣኑን ከጦር አለቆች ለማስመለስ ሞክረው ተሸነፉ፣ ከኪዮቶ ሸሽተው ዮሺኖ ገቡ፣ እዚያም የደቡብ ቤተ መንግሥት የሚባለውን አቆሙ። አገሪቱ እስከ 1392 ድረስ ሁለት ንጉሥ ነበራት። ጎ-ዳይጎ በ1339 እዚያው ሞቱ። መቃብራቸው ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪዮቶ ነው ያዞረው። ዛሬ አበባ ሊያይ የወጣ ሰው ያንን መቃብር ሳያስብ አበባውን ማየት ይከብደዋል። አንድ ተራራ ላይ ወንዙ፣ በረዶው፣ አበባው፣ የተሸነፈው ንጉሥ ተደራርበዋል።

ሌላው የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ጎ-ቶባ ናቸው። በ1207 ባሠሩት ቤተ ጸሎት ውስጥ በተንሸራታች በሮቹ ላይ 46 ስመ ጥር ቦታዎች ተሥለው ለየአንዳንዱ ግጥም ተጻፈለት። ጠቅላላ አገሩን አንድ ቤት ውስጥ አስገቡት። በ1221 በጦርነት ተሸንፈው ኦኪ ወደምትባል ደሴት ተጋዙ፣ በ1239 እዚያው ዐረፉ። በግዞት እያሉም ያሰበሰቡትን መድበል እያረሙ ነበር። አገሩ ከእጃቸው ሲወጣ ግጥሙ ቀረላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበልልዎ። ሥልጣኑ ለሾጉኖች፣ ማለት ለጦር አለቆቹ መንግሥት አለፈ፣ ስመ ጥር ቦታውም ቀስ በቀስ ለተራው ሰው ደረሰ። በ1720ዎቹ ሾጉን ዮሺሙኔ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ዳር፣ አሱካያማ የምትባል ኮረብታ ላይ ቼሪ አስተከሉና ሕዝቡ ምግቡን ይዞ እየመጣ አበባው ሥር መዋል ቻለ። አያችሁ፣ የከተማ ዳር ነው! በ1850ዎቹ መጨረሻ ሠዓሊው ሂሮሺጌ የኤዶን ስመ ጥር ቦታዎች ከመቶ በላይ አድርጎ ሠራቸው፣ በእንጨት ቅርጽ እየታተሙ በርካሽ ተሸጡ። ቤተ መንግሥት በር ላይ ይሣል የነበረውን አሁን ነጋዴው ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በ1868 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ወደ ሥልጣን ሲመለሱ፣ መንግሥታቸው በ1873 ባወጣው ትእዛዝ እንደ ኡዌኖና አሱካያማ ያሉት የሕዝብ መናፈሻ ሆኑ። በ1919 ታሪካዊና ውብ ቦታዎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

ነገሥታቱስ ዛሬም አሉ? አሉ። ከ1947 ሕገ መንግሥት ወዲህ የፖለቲካ ሥልጣን የላቸውም። ግን በ2019 ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ ሲነግሡ የዘመናቸው ስም ሬይዋ የተወሰደው ከዚያው ከማንዮሹ ነው፣ በ730 የፕለም አበባ ሥር ተቀምጠው ስለ ገጠሙ ሰዎች ከሚናገረው መግቢያ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለተደረገው የንግሥ ሥርዓት ሩዝ የሚያቀርቡ ሁለት አውራጃዎች አስቀድመው ተመርጠው ነበር፣ ቶቺጊና ኪዮቶ። የሁለቱም ስመ ጥር ቦታዎች በአራቱ ወቅት መከለያ ላይ ተሥለው ግጥም ተጻፈላቸው። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። አልተረሳም እናቴ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ሯጭ ነኝ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የሮጡበት መንገድ ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። የ1964ቱ ማራቶን የሄደው በኮሹ ካይዶ ነው። ከኤዶ ከሚወጡት አምስት ዋና የድሮ መንገዶች አንዱ ነው። የመንገዱ የመጀመሪያ ማደሪያ የነበረችው ሺንጁኩ ከሂሮሺጌ ሥዕሎች አንዱ ላይ አለች፤ ከፊት ለፊት የጭነት ፈረስ እግር ይታያል። ሻምበል አበበ በዚያ አልፈው ነው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የገቡት። የቤተ መንግሥቱም ግንኙነት አለ። በእኛ አቆጣጠር የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን የተቀረጸው የሜይጂን ሕገ መንግሥት አይቶ ነው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ስላዩት መጽሐፍ ጽፈዋል። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስመለስ፣ ጃንሆይ በ1956 ቶኪዮ ሄዱ፣ በ1960 ደግሞ የያኔው አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ መጡ።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። በረንዳዬ ላይ ሆኜ ዝቋላን አያለሁ። እኛ ጋ ሜይሾ የሚባል ነገር ሊኖር ይችላል?

መልስ፦ አንቺማ ከፊቱ ተቀምጠሻል።

ዝቋላ ስም ካላቸው ቦታዎች ሁሉ የቀደመ ነው። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሰው ከየአገሩ ይወጣል። በምዕራብ በኩል መናገሻ አለ፤ ስሙ ራሱ የንግሥና ነው። የሱባን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። እንጦጦ ላይ ዐፄ ምኒልክ ከተሙ፣ ከዚያ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን አይተው ከተማው ወረደ። ከፍታ ላይ ወጥቶ አገር አይቶ መወሰን፣ ኩኒሚ ከዚህ በምን ይለያል?

ግን አንድ የጎደለን ነገር አለ ብዬ አስባለሁ፣ ዘዴውን ከጃፓኖቹ ብንማር ደስ ይለኛል። ኪዮቶ አጠገብ ቢዋ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ዙሪያውን «የኦሚ ስምንት እይታዎች» የሚባሉ አሉ። ሐሳቡ ከቻይና የመጣ ነው። እያንዳንዱ እይታ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ከሰዓት ወይም ከአየር ጋር የተቆራኘ ነው። የኢሺያማ የመከር ጨረቃ። የካራሳኪ የሌሊት ዝናብ። የሚኢ የምሽት ደወል። የሂራ የምሽት በረዶ። የካታታ የሚያርፉ ዝይዎች። ካራሳኪን ቀን በፀሐይ ብታዪው ገና አላየሽውም፣ ሌሊት ዝናብ ሲመታው መሄድ አለብሽ። ሰው ቦታውን በዓመት አንዴ እንዲጠብቀው ያደርገዋል።

እኔ ከራሴ ደጅ ሁለት አውጥቻለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ አየሩ ሲታጠብ፣ «የዝቋላ የጥቅምት ንጋት»፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ብቻ ነው ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ከዚያ ጭጋጉ ይውጠዋል። ሁለተኛው «የየረር የሰኔ ደመና»፤ ከአያት በኩል ቆሞ ዝናቡ ከተራራው ላይ እየወረደ ወደ ከተማው ሲመጣ። ስድስት ይቀራል። የፉሪን፣ የወጨጫን፣ የሱሉልታን ሜዳ በመስከረም አደይ የሚያውቀው የሚኖርበት ሰው ነው። ቦታውንና ሰዓቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እትም ስምንቱን አሟልቼ አወጣቸዋለሁ። አንቺም የአራተኛ ፎቋ፣ ጥቅምት ላይ ያልኩሽ ሰዓት ልክ መሆኑን ከበረንዳሽ አይተሽ ብትነግሪኝ፤ እኔ ከምድር ሆኜ ነው ያየሁት፣ ካንቺ ጋ ምናልባት ሐይቁን የከበበው ጠርዝ ጭምር ይለይ ይሆናል።